ሐይቁ የሚታይበት ጉድጓድ

ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሳ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ገባች። ታች ስታርፍ ያቺን ደረቅና አጭር ድምፅ ሰጠች። ሽማግሌው ጠበቃ ዱላውን እንደያዘ ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። ከኋላው ጥድ፣ ከፊቱ ዳገት፣ ከዳገቱ ማዶ ከዚህ ሆኖ የማይታይ ሐይቅ፤ በመካከሉ ጤዛ ያረፈበት ሣርና እሱ። ሰው አንድ ነገር ሲቀናው ዞር ማለቱ ሞኝነት ነው፤ ጠበቃው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከር የኖረው ዞር ባለ ቁጥር ችሎት ሙሉ ሰው ስለሚያየው ነበር።

«አየሽ አይደል?» አለ።

ሚስቱን ነው። እሷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ጮክ ብሎ ያወራታል፤ መልስ ስለማትሰጠው ደግሞ ይናደድባታል። በሕይወት ሳለችም ክርክሩን የምታሸንፈው ዝም በማለት ነበር።

የቆመበት ዘጠነኛው ጉድጓድ የጎልፍ ክለቡ መኩሪያ ነው። ሜዳው በጥዶቹ መካከል እየተጠማዘዘ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚህ ወዲያ ገደልና ውሃ ነው። «ግሪን» የሚሉት፣ እንደ ምንጣፍ የተላጨው የማስገቢያ ሣር፣ ሌላው ቦታ አንድ ወጥ ሲሆን እዚህ ሁለት እርከን አለው። ታችኛው ለመንገዱ ቅርብ ነው፤ ላይኛው ግን አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ዳገት ተወጥቶ ነው የሚደረስበት። ላይ የወጣ ሰው ሐይቁ ባንዴ ከእግሩ ሥር ይዘረጋለታል። እንግዶች ከሩቅ የሚመጡት ለዚህች ቅጽበት ነው፤ ኳሱ ሰበብ ነው።

ባንዲራ የሚተከልበት ጉድጓዱ ደግሞ ባለበት አይቆይም። ሣሩ አንድ ቦታ ብቻ እንዳይረገጥ በየማለዳው ሌላ ቦታ ይቆፈራል፤ የትናንቱ በዛሬው አፈር ይደፈናል። ይህን የሚሠራው አንድ ሰው ነው። ሁሉም «ቆፋሪው» ይለዋል፤ እሱም ራሱን እንዲሁ ይጠራል። ጠበቃውን ደግሞ ሠራተኞቹ በሌለበት «ይግባኝ» ይሉታል። ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎም ሆነ ሜዳው በዝናብ ተዘጋ ተብሎ፣ የመጀመሪያውን ውሳኔ ተቀብሎ የሄደበት ቀን የለም።

አሁን የያዘው ክርክር ግን ከሾርባ ይበልጣል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ ክንዱ ካበጠ በኋላ፣ በሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ያላት ልጁ «ቤቱ ይከራይና እኛ ጋ ና» አለችው። እሷ ጋ ማለት የልብስ መተኮሻው የሚቀመጥበት ክፍል ማለት ነው። እዚያ ሄዶ «አባዬ ተኛ፣ አባዬ ተነስ፣ አባዬ ኪኒንህን ዋጥክ?» እየተባለ መኖር ማለት ነው። ሰው ሲያረጅ የወለደው ሁሉ አለቃው ይሆናል፤ ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚጠይቅ የለም።

«ስሚ» አላት በስልክ፤ «ዘጠነኛው ላይ በእግሬ ወጥቼ፣ ማንም ሳይደግፈኝ ኳሴን ካስገባሁ ከቤቴ ማንም አያነሳኝም። ካቃተኝ ሻንጣዬን ራሴ አዘጋጃለሁ።»

«እሺ። ግን መጥቼ በዓይኔ ነው የማየው።»

«ይሄ ውል ነው። ኋላ ላይ እንዳታለቅሺብኝ።»

ዛሬ የምትመጣበት ቀን ነው። ይህ ወር ደግሞ የተባረከ ነበር፤ ኳሷ እምቢ ያለችው ቀን ጥቂት ነው። በየምሽቱ ለልጁ እየደወለ «ዛሬም አስገባሁ» ይላታል። ዕድል ነው፣ እጄ ተመለሰ፣ ክንዴ ዳነ፤ ሰው ለሚወደው ነገር ምክንያት አያጣም።

ኳሷን ለማውጣት አንድ ጉልበቱን መሬት አስነካ። ጎንበስ ማለት ትቷል፤ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ሁለት ሥራ ነው። ተንበርክኮ፣ ዓይኑ ከሣሩ ጋር ሊተካከል ጥቂት ሲቀረው ነበር ያያቸው። ሣሩ ላይ ክብ ክብ ጠባሳዎች፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ የሚያህሉ፣ አንዱ ካንዱ አጠገብ፣ አንዳንዱ ገና ያልያዘ፣ ሌላው ሊጠፋ የደረሰ። የተደፈኑ ጉድጓዶች ናቸው። ሁሉም ታችኛው እርከን ላይ፤ ሁሉም እሱ ከቆመበት እልፍ ሳይሉ።

ጠበቃ ነውና የሚያየው ነገር ምን እንደሚባል ያውቃል። ማስረጃ ይባላል።

ተነስቶ ወደ ዳገቱ ሄደ። ዱላውን እንደ ምርኩዝ ተክሎ ወጣ፣ ወጣ፣ ትንፋሹ ቀደመው። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ «እዚህ ነው የምወርደው» እንደሚል ተሳፋሪ ቆመ። ከዚያ በላይ አልሄደም። ግን ከዚያ ሆኖ አንገቱን አስግጎ የላይኛውን እርከን ማየት ቻለ። ሣሩ አዲስ እንደተነጠፈ አልጋ ልብስ ነው። አንድ ጠባሳ የለበትም። ጤዛው ላይ የወፍ እግር እንኳ አልነበረም።

ወር ሙሉ ሐይቁን አላየውም። ይህም አሁን ገና ነው ትዝ ያለው።

ቆፋሪው ከጥዶቹ ጀርባ፣ ከመሣሪያ ቤቱ ደጃፍ፣ መቁረጫውን በባልዲ ውሃ ያጥባል። መቁረጫው ሁለት እጀታ ያለው የብረት ቧንቧ ነው፤ ሣሩን ከነአፈሩ እንደ ኬክ ቆርጦ ያወጣል። ሰውየው ከሃምሳ ዓመት አይዘልም፤ ፀሐይ ግን ዕድሜ ጨምሮለታል። ጠበቃው እየተንገዳገደ ሲመጣ አይቶ ቀና አለ።

«ደህና አደሩ ጋሼ። ገባች?»

«ገባች። ለምን እንደገባች ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ስለመቷት ነዋ።»

«ዘጠነኛው ላይ ጉድጓዱን ለምንድነው ከታች ብቻ የምትቆፍረው?»

ቆፋሪው መቁረጫውን ገልብጦ ውሃውን አራገፈ። «ላይኛው ሣር ታሟል። ፈንገስ ገብቶበታል።»

«መቼ ታመመ?»

«እንግዲህ... ሰንብቷል።»

«አሁን አይቼው መጣሁ። ካንተም ከእኔም ይልቅ ጤነኛ ነው። ጥያቄውን ልድገምልህ?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ችሎት አይደለም። ያለው ባልዲ ነው።»

«በአዎና በአይደለም መልስልኝ። ለእኔ ብለህ ነው?»

ቆፋሪው መልሱን ጨርቅ ላይ የሚፈልገው ይመስል እጁን ቀስ ብሎ ጠረገ።

«ያን ሰሞን፣ ክንድዎ ያበጠ ጊዜ፣ ወደ ላይ ሲወጡ አየሁዎት» አለ። «በእግርዎ ብቻ አልነበረም፤ በእጅዎም ነበር። ዱላውን በጥርስ መያዝ ነው የቀረዎት። ወጡ፤ ከዚያ ሳይመቱ ተቀመጡ። ብዙ ተቀመጡ። እንግዲህ ሰውየው አለፈ ብዬ ልመጣ ስል ተነሱ። በነጋታው ከታች ቆፈርኩት። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

«ማንም ካልጠየቀህ ምን አገባህ?»

«በዚህ ሰዓት እዚህ የሚመጣ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» አለ ቆፋሪው። «ሌላው ሲመጣ ፀሐይ ወጥቷል፤ እኔም ወደ ሌላ ሥራ ሄጃለሁ። እርስዎ ከቀሩ...»

«ከቀረሁስ?»

«ከቀሩማ ምን ይደረጋል። ሣር ማጨድ ነው።»

ይህን የመጨረሻውን ጠበቃው አልሰማውም። ጆሮው በደም ተሞልቶ ነበር። ሰው እጁን ሳይዘረጋ የሚሰጠው ምጽዋት ከስድብ ይከፋል፤ ሰዳቢ ቢያንስ አቻዬ ነህ ብሎ ነው የሚሰድበው። ወር ሙሉ በየምሽቱ ለልጁ የደወለው፣ በየማለዳው ለሞተች ሚስቱ የፎከረው፣ ለካ አንድ አፈር ቆራጭ በፈቀደለት መጠን ነው። ይኸ ሁሉ ድል በችሮታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተቀምጦ ያለቅስ ይሆናል። እሱ ግን ማልቀስ ሲመጣበት የሚከስ ሰው ነው። ፊቱን አዙሮ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ክለቡን በቅርቡ የተረከበ፣ ከደጅ ገብቶም የፀሐይ መነጽሩን ከግንባሩ የማያወርድ ወጣት ነው። የሚወዳት ቃል «ገጽታ» ናት። የሜዳው ገጽታ፣ የወንበሩ ገጽታ፣ የአስተናጋጁ ገጽታ፤ ክለቡ ውስጥ ገጽታ እንጂ ሰው ያለ አይመስለውም። ከጠረጴዛው ጀርባ የዓለምን ስመ ጥር የጎልፍ ሜዳዎች የያዘ የቀን መቁጠሪያ ሰቅሏል። አንዱ ሜዳ ማዕበል የሚመታው ገደል አናት ላይ ነው፤ ሌላው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ መካከል እንደ አረንጓዴ ወንዝ ይፈሳል፤ ሌላው በረዶ የለበሰ ተራራ ግርጌ ተኝቷል። የሥራ አስኪያጁ ሕልም ዘጠነኛው ጉድጓድ ከነዚህ መሐል አንድ ወር እንዲያገኝ ነው።

«ዘጠነኛው ላይ ጉድጓዱ ለምን ከታች እንደሚቆፈር ያውቃሉ?» አለ ጠበቃው ሳይቀመጥ።

«ሣሩ ታሟል ተብያለሁ።»

«ውሸት ነው። ሄደው ይዩት። ቆፋሪዎ በራሱ ሥልጣን ያደረገው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ባለፈው ፎቶ አንሺ አምጥቼ ነበር፤ ያውቃሉ? ባንዲራው ላይኛው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ከኋላው ውሃው፣ ጀንበር ስትወጣ። እሱን ነበር የምንፈልገው። ባንዲራው ታች ሆነና ከኋላው የታየው ዳገት ነው። ሰውየው የድንች ማሳ ነው ብሎኝ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።»

«ይገባኛል።»

«እኔን በፈንገስ አታሎኝ። ዛሬ ይሰናበታል።» ወደ መስኮቱ እያየ ነበር የሚናገረው፤ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ወንበር እንደሚያስወጣ። «ከምሳ በኋላ እጠራዋለሁ። ፊት ለፊቱ ይመሰክራሉ?»

ንዴት ሳይበርድ የሚሰጥ ቃል ሁሉ ጎበዝ ይመስላል።

«እመሰክራለሁ» አለ።

ቤቱ ከክለቡ አጥር ጋር ይዋሰናል። ገብቶ ጫማውን አወለቀ፤ ሻይ ጣደ፤ ሻዩን ረሳው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያው የቀን መቁጠሪያ ነበር፤ የሱ ግን ጡረታ የወጣበት ዓመት ነው። ሚስቱ ናት የገዛችው። ጎልፍ የሚባል ነገር አትወድም ነበር፤ «ጤነኛ ሣር መደብደብ» ነበር የምትለው። ግን የሰቀለች ዕለት «በየዓመቱ አንዱን እናያለን» ብላው ነበር። «አንተ ሣሩን ትደበድባለህ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ውሃውን አያለሁ።»

አንዱንም አላዩም። ጡረታ ወጣ የተባለው ሰው አንድ የቀረ መዝገብ ነበረው፤ ከዚያ ይግባኙ፤ ከዚያ የይግባኙ ይግባኝ። በመጨረሻ ሲረታ እሷ ሆስፒታል ነበረች። ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ ግን ትመጣለት ነበር። ላይኛው እርከን ጫፍ ላይ፣ ከባንዲራው ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ለሱ ሰጥታ ውሃውን ታያለች። እሱ ኳሱ ሲገባለት ዞር ይላል። እሷ አላየችም። «አየሽ አይደል?» ይላል። «እንዴታ» ትላለች፣ ሳትዞር።

ወር ሙሉ ያልወጣበት ቦታ ይህ ነው።

ሥዕሎቹን አንድ ባንድ ገለጠ። ገደል፣ በረሃ፣ በረዶ፣ ጥድ። ባንዲራ አለ፣ ውሃ አለ፣ ሰማይ አለ፤ ሰው ግን በአንዱም የለም። ሰው የሌለበት ቦታ ውብ ነው ብሎ ለነዚህ ፎቶ አንሺዎች የነገራቸው ማን ይሆን? እስኪ ከነሱ አንዱ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻው አንድ ዝናብ ያሳልፍና ከዚያ ስለ ውበት ያውራ። ሻዩ ተንኖ አልቆ ማንቆርቆሪያው መሽተት ሲጀምር ነው ከሐሳቡ የተመለሰው።

ልጁ የደረሰችው በምሳ ሰዓት ነው። ሳመችው፣ ክንዱን ነካ ነካ አደረገች፣ የተቃጠለውን ማንቆርቆሪያ አየች፤ ምንም አላለችም። እንደ እናቷ ዝም ስትል ነው የምታስፈራው። ያመጣችውን ሾርባ አሞቀችና ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ዛሬ ጠዋት ተጫወትክ?»

«ተጫወትኩ።»

«ገባች?»

«ገባች።»

«ታዲያ ፊትህ ምን ሆኗል? ሲሸነፉ እንጂ ሲረቱ እንዲህ አይኮንም።»

ሾርባውን አማሰለ። እሷ ሳቀች።

«እውነቱን ልንገርህ አባዬ? የመጣሁት ላሸንፍህ አይደለም። ዳገቱን ባትወጣም ልተውህ አስቤ ነበር። ይሄን ወር ድምፅህ ሌላ ሰው ነው። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ስደውልልህ፣ እሺ፣ ደህና፣ ቻው ነበር። አሁን ግን ስልኩን አትዘጋም።»

«ስለ ጨዋታው ስለማወራሽ ነው።»

«የት ስለ ጨዋታው። ስለ ሰውየው ነው እንጂ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ቆፋሪው። ቆፋሪው ዛሬ እንዲህ አለኝ፣ ቆፋሪው ቆብ ቀየረ፣ ቆፋሪው ሳል ይዞታል፣ ማር ውሰድለት አልሽኝ፣ ወሰድኩለት ትላለህ። ባሌ እንኳ፣ ቆፋሪው እንዴት ነው ብሎ ይጠይቀኛል።» ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔማ ጓደኛ አገኘ ብዬ ነው። ተሳሳትኩ?»

ጠበቃው ተቃውሞ ሊያቀርብ ሲል ማሩን አስታወሰ። በጠዋት፣ ከደጃፉ፣ ባልዲው አጠገብ አስቀምጦለት «ለሣሩ ነው፣ ሳሉን ያቆምለታል» ብሎት ሁለቱም የሳቁት ትዝ አለው። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት ያለውም አሁን፣ ከረፈደ፣ በሁለቱም ጆሮው ገባ። ሰውየው ጉድጓዱን ያወረደው ስላዘነለት መስሎት ነበር። ማዘንማ አዝኗል፤ ያዘነው ግን ለራሱም ነው። የሚያዋየው ሰው እንዳይቀርበት ነው። ይህ ደግሞ ምጽዋት አይባልም። ይህ እንዲያውም ስም ያልወጣለት ነገር ነው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«ምነው?»

«ጫማዬን አቀብዪኝ። አንድ ጉዳይ አለብኝ።»

ቢሮው ሲደርሱ ዘግይተዋል። ቆፋሪው ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ከጠረጴዛው ፊት ቆሟል። ወንበር ነበረ፤ ተቀመጥ አልተባለም። ሥራ አስኪያጁ ጠበቃውን ሲያይ በእጁ ግባ አለው፤ ልጁም ተከትላ ገብታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ቆፋሪው እሷን አየ፤ ማን እንደሆነች ገባው፤ ወለሉን አየ።

«ምስክሩም መጡ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እንግዲህ ድገምላቸው። ጉድጓዱን ለምን ከታች ቆፈርክ?»

«ስንፍና ነው» አለ ቆፋሪው።

«ምን አልክ?»

«በየማለዳው መቁረጫውን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ሰለቸኝ። ጉልበቴን ያመኛል። ለዚያ ነው። ስለ ፈንገሱ ዋሸሁ።»

ቆፋሪው ድንጋይ የሚሸከም ጉልበት እንዳለው እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም። ጠበቃው ያየው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው አንዴ ወደ በሩ፣ ወደ ልጁ፣ ሰረቅ አድርጎ ሲያይ። በሷ ፊት አባቷን እንዳያዋርድ ሰነፍ ተብሎ ሊባረር ወስኗል። ጠዋት ማን እንደከሰሰው ያውቃል፤ እያወቀ ነው።

«እንግዲህ ያለቀ ነገር ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እርስዎ የሚጨምሩት አለ?»

ከዚህ በኋላ ጠበቃው ዝም ቢል ሁሉም ነገር በቦታው ይቀመጣል። ልጁ «ልተውህ» ብላዋለች። ቤቱ ይቀርለታል፤ ክብሩም ይቀርለታል። ነገ ጠዋት ደግሞ ሌላ ቆፋሪ ይኖራል።

«አለ» አለ። «የሚናገረው ሐሰት ነው።»

ቆፋሪው ቀና አለ። «ጋሼ...»

«አንተ ዝም በል። ጠበቃ ሲናገር ደንበኛው አይናገርም።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «ከታች እንዲቆፍረው የለመንኩት እኔ ነኝ። ላይኛው እርከን ላይ መውጣት አልችልም። ዛሬ ጠዋትም ሞክሬ እኩሌታው ላይ ቀረሁ። እምቢ አለኝ፤ ሥራዬ ነው አለ። ለመንኩት፣ ነዘነዝኩት። የእኔን ንዝንዝ እርስዎም ያውቁታል።»

«አልገባኝም። ታዲያ ጠዋት የከሰሱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ልጄ ዛሬ እንደምትመጣ አውቅ ነበር። እንዳይነግርብኝ ፈራሁና ቀድሜ ከሰስኩት።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከግንባሩ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። ልጁ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ጠበቃው ዞር ብሎ አላያትም።

«ይሄ እኮ የሚያሳፍር ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ነው።»

«ደንቡን ያውቁታል። በሠራተኛ ሥራ ጣልቃ የገባ አባል ዓመት ሙሉ ከሜዳ ይታገዳል።»

«አውቀዋለሁ። ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛው በአባል ግፊት የፈጸመው ከሆነ እንደማይሰናበትም ከሥሩ ተጽፏል። እሱንም ያንብቡት።»

ሥራ አስኪያጁ ያነብ ይሆን አያነብ አልታወቀም፤ ደንቡ የት እንዳለ የሚያውቅም አይመስልም። ግን ከይግባኝ ጋር በአንቀጽ መከራከር ምን እንደሚመስል ሰምቷል። እጁን ወደ ቆፋሪው አወዛወዘ፤ «ነገ ባንዲራውን ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ሂድ» አለው። ከዚያ ወደ ጠበቃው፣ እንደ መቀለድ ብሎ፦

«እርስዎስ? ይግባኝ ይላሉ?»

ጠበቃው ባርኔጣውን አደረገ።

«አልልም» አለ።

ደጅ ሲወጡ ቆፋሪው ከደረጃው ሥር ይጠብቅ ነበር። ፊቱ ተቆጥቷል፤ እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም።

«ጋሼ፣ ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም።»

«ማንም ካልጠየቀዎት ምን አገባዎት?»

ጠበቃው መልስ ነበረው፤ መልስ አጥቶ አያውቅም። አልሰጠውም። ቆፋሪው ቆቡን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ወደ መሣሪያ ቤቱ ሄደ፤ ጥዶቹ ዘንድ ሲደርስ ዞር ብሎ አየና ቀጠለ።

ልጁ አባቷ ጠዋት ከቢሮው ደጅ ትቶት የሄደውን የዱላ ቦርሳ ከግድግዳው አንስታ ትከሻዋ ላይ ልታደርግ ስትል ከለከላት።

«ተዪው። ዓመት ሙሉ ምን ያደርግልናል?»

«እሺ። ታዲያ ወደ ቤት እንሂድ?» ድምፅዋ ተጠንቅቋል፤ ስለ ሻንጣውም ስለ መተኮሻው ክፍልም አላነሳችም።

«ሻንጣው ይደርሳል። ውል ውል ነው» አለ። «ውሃውን ግን አላየሽውም። እናትሽ ከየት ቆማ ታየው እንደነበር ላሳይሽ።»

በጥዶቹ መካከል ቀስ ብለው ሄዱ። ታችኛው እርከን ላይ የጠዋቱ ጉድጓድ ባንዲራውን ይዞ እንዳለ ነው። እሱን አልፈው ዳገቱ ሥር ደረሱ። ልጁ ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ ቆመች፤ ካልጠየቃት እንደማይነካ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

ጠበቃው ዳገቱን አየው። ከዚያ ክንዱን፣ ያበጠ የነበረውን፣ ወደሷ ዘረጋላት።

«ያዢኝ» አለ።